ጎረቤቴ ፍዝዝ ብላ የከረመችበት ክረምት

ልጆቹ ይንገሩን ባይሉኝ ኖሮ ይህን ነገር አላነሳውም ነበር። ይዘው ያስቀመጡኝ የልጅ ልጆቼ ናቸው፤ ሰበቡ ደግሞ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል።

ትልቋ ናት ከትምህርት ቤት ይዛት የመጣችው። አስተማሪዋ ትርጉሟን በአማርኛ ጽፋችሁ፣ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገብታችሁ ኑ ብሏቸዋል። «ድሪሪሊ» ነው የምትባለው። እኔ የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም፤ ፊደሉንም ቢሆን ከልጆቼ ደብተር ላይ ነው የለቀምኩት። ቃሏ ግን ካልተዘጋ ቧንቧ እንደሚንጠባጠብ ውሃ ጆሮዬ ውስጥ ቀረች። ልጅቷ ስልኳን ብትጠይቀው አንዴ «በሚያስጠላ ሁኔታ» ይላታል፣ አንዴ «በጨለማ» ይላታል። ታናሽ ወንድሟ ሶፋው ላይ እንደተጋደመ፣ «መብራት የሄደበት ሰው ብለሽ ጻፊ፣ ጀለሴ» አላት። እህቱን ነው እንደ ሰፈር ጓደኛ ጀለሴ የሚላት።

ሰው አይደለም እኮ አለችው። ቃሏ የሰው መልክ ወይም የዕቃ ቀለም አትናገርም፤ አንድ ነገር እንዴት ሆኖ እንደተሠራ ነው የምትናገረው። ሰውዬው ተቀመጠ እንበል፤ እንዴት ሆኖ ተቀመጠ? ዝናብ ዘነበ፤ እንዴት ሆኖ ዘነበ? ደስታ የሌለበት፣ ብርሃን የሌለበት፣ ማለቂያው የማይታይ አደራረግ ነው አለችን።

ለዚህማ በእኛ አማርኛ ስንቱ አለ አልኳት። ትክዝ ብሎ፣ ጭፍግግ ብሎ፣ ቅዝዝ ብሎ፣ ፍዝዝ ብሎ። አንድ አንድ እያልኩ አወጣሁላት። ትክዝ ያለ ሰው የሚያስበው ነገር አለው። ጭፍግግ የሚለው ሰማዩ ነው፤ ይዘንብና ይወጣለታል። ቅዝዝ ያለ ትኩስ ነገር ቢቀምስ ይመለሳል። የሚያስፈራው ፍዝዝ ያለው ነው፤ መስኮቱ ክፍት ነው፣ ቤቱ ውስጥ ግን ሰው የለም።

እስክሪብቶዋን አቆመችና፣ «እማማ፣ ሁሉን ነገር እንደዚያ ሆኖ የሚሠራ ሰው አይተው ያውቃሉ?» አለችኝ።

አይቻለሁ። እዚሁ ሕንፃ ላይ፣ ከራሴ በላይ።

ያን ጊዜ እናንተ ትንንሾች ነበራችሁ። ጎረቤቴ ከእኔ ጋር ከድሮው ሰፈር የመጣች ናት። ሰፈሩ ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ሲደርሰን ዕጣው እሷን ከላይ፣ እኔን ከሥሯ አደረገን። የእሷ ወለል የእኔ ጣሪያ ነው፤ ስትነሳ አውቃለሁ፣ ስትተኛ አውቃለሁ። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፣ ልጅ አልወለደችም፣ ያላት አንድ የወንድሟ ልጅ ነው። ዘመድ የላትም ማለት ግን አይደለም። ሳቋ ከሰውነቷ ቀድሞ ደረጃ የሚወጣ ሴት ናት፤ ግቢው ሙሉ የእሷ ነበር።

የነሐሴ መጀመሪያ፣ ፍልሰታ ሲገባ፣ ሱባኤ ልያዝ ብላ ከከተማው ወጣ ካለ ጠበል ሄደች። እኔንም ነይ ብላኝ ነበር። እኔ እግሬ አንድ ቦታ አያርፍም፤ ሱባኤ ደግሞ መቀመጥ ይፈልጋል፤ ቀረሁ።

ሱባኤው ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው አንድ ጠዋት የወንድሟ ልጅ ደወለልኝ። አክስቱ ጠበል ቦታ አርፋለች። መኪና ይዞ አምጥቷታል፣ ግቢው በር ላይ ነው።

ወረድኩ። ተገንዛ ነው የመጣችው። የጠበሉ ሰዎች የግንዘት ጸሎቱን አድርሰው፣ በነጭ ጠቅልለው፣ አስረው፣ የራሷን ነጠላ ከላይ አልብሰው ሰጥተውታል። ነጠላዋን አወቅኩት፤ ጥለቱን አብረን ነው የመረጥነው። ፊቷን ልሳማት አልኩ። አንድ የእድር ሽማግሌ እጄን ያዝ አድርገው፣ «የተገነዘ አይፈታም፣ እህቴ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ሁላችንም ያደግንበት ነገር ነው፤ ለምን ብሎ የጠየቀ የለም፣ እኔም አልጠየቅኩም። በክርስትና ስሟ ፍትሐት ተደረገላት፣ በዚያው ቀን ተቀበረች።

ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት የግቢው መሃል ላይ ድንኳን ተተከለ። ፎቶዋን አሳድገው፣ ጥቁር ጥብጣብ በጎኑ አስረው፣ ድንኳኑ ውስጥ ፊት ለፊት አቆሙት። የምትስቅበት ፎቶ ነው፤ ሳትስቅ የተነሳችው ስላልተገኘ።

በሰልስቱ ጠዋት ሰማዩ ወርዶ ከሕንፃዎቹ ጫፍ ጋር ተጣብቋል። ከሰንጋ ተራ በኩል የሚሠሩት ፎቆች ከወገባቸው በላይ አይታዩም። ዝናቡ ካፊያ ነው፤ ድንኳኑ ላይ ሲያርፍ ሰው በሹክሹክታ የሚያወራ ይመስላል። እኔ በሩ አጠገብ አግዳሚ ላይ ነኝ። አንዲት ሴት ገባች። ጋቢ ለብሳለች፣ እርጥብ ነው፣ ጠርዙን እስከ ቅንድቧ አውርዳዋለች። አጎንብሳ ገብታ አጠገቤ ተቀመጠችና ማልቀስ ጀመረች። ደንቡ ነው። ድንኳን አይቶ ማን ሞተ ብሎ በር ላይ የሚጠይቅ የለም። ተገብቶ፣ ተቀምጦ፣ መጀመሪያ ይለቀሳል፤ ጥያቄው ከዚያ በኋላ፣ ቀስ ተብሎ፣ ለቅርብ ሰው ነው።

ትንሽ አለቀሰችና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«ማንን ነው ያጣነው?»

ድምጿን አወቅኩት። ዞሬ ላያት ብል አንገቴ እምቢ አለኝ። ዓይኔ ፊት ለፊት ፎቶው ላይ ተተከለ፣ ከዚያ አልነሳ አለ። እሷም ምን እንደማይ ለማየት ዓይኔን ተከትላ አየች። ልቅሶዋ ቧንቧ እንደተዘጋ ዓይነት ቆመ። ሞቅ ያለ ትንፋሿ ጉንጬ ላይ ይሰማኛል፣ ፎቶዋ ደግሞ ከፊት ይስቅብኛል። የትኛዋ እንደሆነች ለአንድ አፍታ ጠፋኝ።

ከዚያማ ድንኳኑ ተበጠበጠ። አንዷ ጮኸች፣ አግዳሚ ተገለበጠ፣ የእድሩ ሽማግሌ አማተቡ፣ የወንድሟ ልጅ እግሯ ላይ ወደቀ። እሷ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። ሁሉን ትታ እኔን ጠየቀችኝ።

«ቀበራችሁኝ?»

ነገሩ ቀስ እያለ ተጣራ። ጠበሉ ጋ እሷ ባረፈችበት መጠለያ አንዲት የታመመች ሴት ነበረች። ጎረቤቴ አንድ ጠዋት ከሱባኤተኞች ጋር ራቅ ወዳለ ቤተ ክርስቲያን ለአዳር ስትሄድ፣ ሴትዮዋን ብርድ እንዳይመታት ነጠላዋን አለበሰቻት፣ ቦርሳዋንም ራስጌዋ ትታላት ሄደች። ሴትዮዋ እዚያው አረፈች። የጠበሉ ሰዎች ቦርሳው ውስጥ ስልክ አግኝተው ደወሉ። የወንድም ልጁ ሲደርስ አስከሬኑ ተገንዟል፤ ቦርሳው የአክስቱ፣ ነጠላው የአክስቱ። ምን ብሎ ይጠራጠር? ጎረቤቴ ስትመለስ ደግሞ ሴትዮዋ አርፋ ዘመዶቿ ወሰዷት አሏት። ቦርሳዬን ከዕቃዋ ጋር ሳያውቁ ወስደውት ይሆናል ብላ ሱባኤዋን ፈጸመች፣ ጋቢ ተውሳ፣ በሰው መኪና መጣች። ግቢው ውስጥ ድንኳን ስታይ እንደ ማንኛችንም ገብታ አለቀሰች።

የዚያን ቀን ለቅሶው በእልልታ ተበተነ። ሰው አቀፋት፣ ዳበሳት፣ ቆነጠጣት። የተዘጋጀው ምግብ በሳቅ ተበላ። አንዱ ጎረምሳ፣ «ዘንድሮ ቀብርም በውክልና ሆነ» ብሎ ግቢውን አስፈነደቀው። ድንኳኑ ተነቀለ። እኔም ነገሩ አለቀ ብዬ ነበር።

አላለቀም። እሷ ከድንኳኑ አልወጣችም።

አሁን ነው እንግዲህ ያቺ ቃላችሁ የምትገባው። ጎረቤቴ ሁሉን ነገር እንደ ድሮዋ ታደርግ ነበር፤ አደራረጓ ነው የተቀየረው። ውሃ ትቀዳለች፤ ጄሪካኑ ሞልቶ ሲፈስ ቆማ ታያለች። እንደምን አደርሽ ሲሏት እግዚአብሔር ይመስገን ትላለች፤ ግን ለሌላ ሰው መልእክት እንደምታደርስ ነው የምትለው። ስሟን ስጠራት መጀመሪያ ወደ ኋላዋ ዞር ትላለች፣ የተጠራችው ሌላ ሰው ትሆን እንደሆነ ለማየት። ቤቴ ስትመጣ ቁጭ በይ ካላልኳት አትቀመጥም፤ ሳጎርሳት ትበላለች፣ ካላጎረስኳት እጇን አትዘረጋም። ሕፃናቱ ደረጃ ላይ ሲያገኟት ግድግዳ ይታከካሉ። «የሞተችዋ መጣች» ሲሉ ትሰማለች፤ አትቆጣም።

የልጅ ልጄ እዚህ ላይ ጽፋ አነበበችልኝ፦ «ሴትዮዋ ድሪሪሊ ትኖር ነበር።» ልክ ነው አልኳት። ግን አስተማሪሽ ደስ እንዲለው ሌላም ጨምሪ፦ ከሥሯ ያለችው ጎረቤቷ ትሰማት ነበር።

እሰማት ነበራ። የድሮ እርምጃዋ ቶሎ ቶሎ ነው፣ ጫማዋ ይጠፈጠፋል። አሁን አንድ ትራመድና መሃል ላይ ቀጥ ትላለች። የት እየሄደች እንደነበር ረስታ እንደሆነ እንጃ። እኔም ከሥር ማንኪያዬን ይዤ አብሬያት እቆማለሁ። እስክትራመድ ድረስ ወጡን አላማስልም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ያው ሰማይ እንደተጫነን፣ ከላይ የሁለት ሰው ኮቴ ሰማሁ። አንዱ የእሷ ነው፣ ያ የሚቆመው። ሌላው ቀለል ያለ፣ ባዶ እግር። እንግዳ መጥቶላታል ብዬ ደስ ብሎኝ ወጣሁ። በሯ ገርበብ ብሏል። መሃል ቤት ብቻዋን ቆማለች። ያ ጥብጣብ የታሰረበት ፎቶ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል።

«ብቻሽን ነሽ?» አልኳት።

ዞር ብላ ክፍሉን አየችና፣ «እንጃ» አለችኝ።

ፎቶውን አውርጂው አልኳት። ለቁም ሰው ጥቁር አይታሰርም፣ ሟርት ነው ብዬ እጄን ስዘረጋ ክንዴን ያዘችኝ። መዳፏ በረዶ ነው።

«ተይው። ሌላ ፎቶ የላትም እኮ።»

ያን ቀን ነው የሆዷን የነገረችኝ። ፍትሐቱ በእኔ ክርስትና ስም ነው የተደገመው አለችኝ። እኔ ተፈትቻለሁ፤ ተለቅሶልኛል፣ አፈር ተመልሶብኛል። ያቺ ሴት ደግሞ በስሟ ማንም አልጠራትም፣ ሳትፈታ ነው የተኛችው። የኔን ቦታ እሷ ይዛለች፤ እኔ የማንን ቦታ ይዤ ነው የምራመደው? ስትለኝ የገበያ ዋጋ የምትነግረኝ ይመስል ነበር።

በየቀኑ እየቀለለች ሄደች። ቀሚሷ ከትከሻዋ መንሸራተት ጀመረ። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት፤ ደሟን ወሰዱ፣ ልቧን አዳመጡ፣ ምንም የለባትም አሉ። የንስሐ አባቷ ዘንድ ወሰድኳት፤ አምላክ ለማን እንደተጸለየ አይስትም፣ ጸሎቱ ደርሷታል አሏት። አሜን አለች። አሜኗም እንደዚያች ቃል ነበረ። ጎረቤቴ በቁሟ እየሄደችብኝ እንደሆነ ገባኝ፤ አንድ ጠዋት ጣሪያዬ ዝም እንዳይል ፈራሁ።

እኔ ሲጨንቀኝ መድኃኒቴ መሄድ ነው። ተነሺ፣ ስሟን እንፈልግላት አልኳት። ከአብነት ታክሲ ይዘን፣ ከዚያ ሌላ ቀይረን፣ የቀረውን በእግር ወጣን። ጠበሉ ጭጋግ ውስጥ ነው። ነጭ የለበሰ ሰው ከጭጋጉ ይወጣል፣ መልሶ ጭጋጉ ይውጠዋል። ጎረቤቴ የሚያልፈውን ሁሉ ፊቱን ትፈልጋለች። መጠለያውን የሚያጸዱትን ጠየቅን፣ ውሃ የሚቀዱትን ጠየቅን፣ ዲያቆኑን ጠየቅን። ከወዴት እንደመጣች የሚያውቅ የለም። ስሟን ሲጠይቋት ፈገግ ብላ ዝም ትል ነበር፣ እንግዳዋ እያልን ነበር የምንጠራት አሉን። የተኛችበት ቦታ ላይ ሌላ ሰው ተኝቷል።

ስንመለስ ታክሲው መስኮት ላይ ግንባሯን አስደግፋ፣ «ስም የሌላት ሴት በስሜ ተኝታለች፣ እኔ ደግሞ ስም የለኝም፣ ታክሲ ተሳፍሬያለሁ» አለች። ረዳቱ ሰምቶ ሂሳብ ሳይጠይቀን አለፈ።

አርባው እየቀረበ ነበር። እኔ ማንንም ሳላማክር ወደ ንስሐ አባቷ ሄድኩ። አባቴ፣ ስም ከሌላት በስም አይጥሯት፤ ግን የጎረቤቴን ስም ከላይዋ ያንሱላት አልኳቸው። መስቀላቸውን አሳለሙኝ። ከዚያ፣ «አመትከ እላለሁ፤ ስሟ ጋ ስደርስ ዝም እላለሁ። ዝም ያልኩበትን እሱ ይሞላዋል» አሉኝ። አመትከ ማለት ባሪያህ ማለት ነው፣ ለሴት።

ግቢው ውስጥ መናገሩ ቀላል አልነበረም። ለማናውቃት ነው ወይ አርባ የምናወጣው ያሉ ነበሩ። አንዷ፣ «አንድ ጊዜ አልቅሰን ተሸውደናል፤ ሁለተኛ እንዳታስደግሙን» አለች። ያው ግን መጡ። ጎረቤት ማለት እያጉረመረመም የሚመጣ ነው።

መስከረም ቢጠባም ጠዋቱ ገና ጉም ነበረ። መቃብሩ ዙሪያ ቆምን። ጎረቤቴ ከሁሉም ራቅ ብላ፣ እጇን አጣጥፋ፣ ሰው እንደማይጠብቅ ሰው ቆማለች። ካህኑ ጸሎቱን ጀመሩ። አመትከ አሉ። ዝም አሉ።

እንደዚያ ያለ ዝምታ ሰምቼ አላውቅም። ጽናጽሉ ቆመ፣ ሰው አልሳለም፣ ወፍ አልጮኸም። የሆነ ሰው መሃላችን ቆሞ ስሙን የሚናገር መሰለኝ፤ ጆሮዬ ነው ያልሰማው። ያኔ ነው ጎረቤቴ የጮኸችው። ከሆዷ ሥር፣ እንደ ድሮ አልቃሽ፣ እየተራመደች መጥታ መቃብሩ ላይ ወደቀች።

«እህቴ፣ የሄድሽው አንቺ ነሽ! እኔ ቀርቻለሁ! እኔ እዚህ ነኝ!»

እኛም አለቀስን፤ ለማናውቃት፣ ደህና አድርገን። ስናነሳት መዳፏ ሞቆ ነበር።

ቤት ስንደርስ ከእኔ ቀድማ ደረጃውን ወጣች። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሰው ጄሪካን ደርድሯል። «ይሄ ደረጃ ነው ወይስ ቦኖ?» የሚለው ጩኸቷ እስከ ታች ወረደ። ከሥር ቆሜ ሰማሁት። በማግሥቱ ፎቶውን በራሷ እጅ አወረደችው። ጥብጣቡን ፈታ ምን እንዳደረገችው አልጠየቅኳትም።

ይኸው እስካሁን ከላዬ ትራመዳለች። እርጅናው ቀስ አሰኝቷታል እንጂ መሃል ላይ አትቆምም። ያቺን ሴት ግን በስንቱ ወሬያችን መሃል አንድ ቀን አንስታት አታውቅም፤ ያልታወቀችን ሴት አንድ ሰው ይህን ያህል ለምን ይሸከማል እያልኩ ለራሴ ስጠይቅ ኖርኩ።

ዓመታት አልፈው፣ አንድ ቀን ስዞር ደክሞኝ ሰንጋ ተራ አንድ ፎቅ ጥላ ሥር አረፍ ባልኩበት፣ አጠገቤ ከተቀመጠች ሴት ጋር ወሬ ጀመርን። ወሬያችን ጠበል ላይ ደረሰ። ያኔ በዚያ መጠለያ፣ ከሁለቱ ጎን ተኝታ የነበረች ናት። እሷ ነገረችኝ። ለጎረቤቴ መስማቴን እስከ ዛሬ አልነገርኳትም። ያን ጠዋት የታመመችዋ ሴት ለእኔ የሚያለቅስ ማን አለኝ ብላ ስታነባ፣ ጎረቤቴ ነጠላዋን አውልቃ እያለበሰቻት፣ እንደ ልማዷ እየሳቀች፣ «አይዞሽ፣ የኔ አልቃሾች ብዙ ናቸው፤ ውሰጃቸው» ብላት ነበር የሄደችው።